በጋሽ ተስፋነህ ግራ በኩል

ደብረ ታቦር ላይ ሁለት ባጃጅ ሲጋጩ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አንድ ነገር ሳይገርማችሁ አይቀርም። ጥፋተኛው ሾፌር ይወርድና ቀኝ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ «ተነካሁ!» ይላል። የተገጨው «የት?» ብሎ ይጠይቀዋል። «ፍሬን ላይ!» ይላል ጥፋተኛው፤ ዘግይቼ ያዝሁ ማለቱ ነው። ሰው ይስቃል፣ ጠቡም በግማሽ ይቀላል። ኳስ ሜዳም እንደዚያው ነው። ድንች ገበያ ውስጥ እንኳ ሚዛን ስታጭበረብር የተያዘች ሴት እጇን አንሥታ «ተነካሁ፣ ሚዛን ላይ!» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እንግዳ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ከሚሉትም ውስጥ ብዙዎቹ ከየት እንደመጣ አያውቁም። የመጣው ከአንድ ሰው ነው፤ ከጋሽ ተስፋነህ። እኔ ደግሞ ቃሉን ከአፋቸው ከሰሙት የመጀመሪያዎቹ ልጆች አንዷ ነኝ። ለማለት ግን ዐሥር ዓመት ፈጀብኝ።

ዛሬ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ መናኸሪያው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። ያኔ ዘጠኝ ነበርሁ፤ ሁሉን የማውቅም ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ፍቅርተ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ለአክስቴ ለዝናሽ ሰጥታኝ ባሕር ዳር ሄደች። መጀመሪያ «ሥራ አግኝታ ነው» ተባልሁ። ቀጥሎ «ቤት እስክትይዝ ነው» ተባልሁ። በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር መካከል ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል፤ አንበሳሜ ላይ የገዛኸውን ቆሎ ሳትጨርስ ሐሙሲትን አልፈህ ትደርሳለህ። ለእናቴ ግን መንገዱ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፋባት።

አክስቴ ድንች ነጋዴ ናት። ጠዋት ወጥታ ማታ ትመለሳለች። ከትምህርት ቤት ስመጣ ግቢው ውስጥ የማገኘው ሰው የለም፤ እኔና አንዲት ነጭ ዶሮ ብቻ ነን። ዶሮዋን የክፍሌን ልጆች ስም እየቀያየርሁ እጠራታለሁ። ስሰድባትም ትሰማኛለች፤ መልስ ስለማትሰጥ ግን ቶሎ ይሰለቸኛል።

በዚያ ክረምት ነው ጋሽ ተስፋነህ የጓሮውን ክፍል ተከራይተው የገቡት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፂማቸው ሸበቶ የሆነ ሰው ናቸው። ከአንድ ፍራሽና ከአንድ ረጅም የእንጨት ሣጥን በቀር ዕቃ አልነበራቸውም። ሣጥኑን ሲከፍቱ በበሩ ስንጥቅ አየሁ፤ በጨርቅ የተጠቀለሉ ቀጫጭን ብረቶች ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ እንደ ኮፍያ ያለ መያዣ አላቸው።

«አክስቴ፣ ሰውዬው ሰው ገድለው ነው የመጡ?» አልኋት ማታ።

«ዝም በይ አንቺ! መምህር ናቸው። የጋፋት ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ኩባ ተልከው፣ ሐኪም ሆነው ይመጣሉ ሲባል ሻሞላ ተምረው መጡ። እናታቸው እስኪሞቱ አለቀሱ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ልጅ ሲያሠለጥኑ ኖሩ። ክለቡ ፈረሰ። ሚስትም አላገቡ። ይኸው ከነብረታቸው ወደ አገራቸው።»

ኩባን ከአንበሳሜ ትንሽ አለፍ ብላ ያለች ከተማ አድርጌ ነበር የያዝኋት። ሻሞላ ሰው መውጊያ ነው። እንግዲህ ኩባ የሰው መውጊያ የሚማሩባት አገር ናት አልሁ። ለሦስት ቀን ፈራኋቸው። በአራተኛው ቀን ዓይኔን ስንጥቁ ላይ ለጥፌ ሳለሁ በሩን ድንገት ከፈቱት።

«ሌባ ነሽ ወይስ ተማሪ?»

«የቤቱ ባለቤት ነኝ» አልሁ።

ሳቁ። «እንግዲያስ ባለቤቲቱ፣ እግርሽን እንዲህ ክፈቺና ቁሚ። ጉልበትሽን እጠፊ። ክርንሽን ሰብስቢ።»

ክርኔን ሰበሰብሁ። ተመልሶ ወጣ። ይኸ ክርን እስከ ዛሬ አልተሰበሰበም።

ሻሞላ በቀጭን ብረት የመነካካት ጨዋታ መሆኑ ቀስ በቀስ ገባኝ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ዐሥራ ሁለት ልጆች ሆንን። ረቡዕ ከሰዓትና ቅዳሜ ጠዋት የወጣቶች አዳራሽ ይሰጠን ነበር። ወለሉ ላይ ጋሽ ተስፋነህ በኖራ ረጅም መስመር ያሰምሩናል። እውነተኛው ብረት አራት ብቻ ስለሆነ እኛ በሽመል ነበር የምንጫወት። የፊት መከላከያውን ብየዳ ቤት ያለ ሰው ከወንፊት ሽቦ ሠራልን፤ ሰፈር ውስጥ ሳናደርገው ስንሄድ እንኳ «ወንፊት ራስ!» እያሉ ይጠሩን ነበር። ካቦርታችን ከአሮጌ ድንኳን ሸራ የተሰፋ ነው፤ ሲዘንብ እንደ ጆንያ ይከብዳል።

መጀመሪያ ቀን እንዲህ አሉን፤ «በሌላ አገር ሰው ሲነካ መብራት የሚያበራ መሣሪያ አለ። እኛ የለንም። ስለዚህ መብራቱ እናንተ ናችሁ። የነካ ሰው አይናገርም። የተነካው ራሱ ቆሞ፣ እጁን አንሥቶ ‹ተነካሁ› ይላል። የት እንደተነካም ይናገራል። ያልተናገረ ይጠቀማል፤ ግን አልተጫወተም።»

እኔ ያልተጫወትሁት ብዙ ነው። ደረቴ ላይ ሽመሉ ጧ! ሲል ወደ ጣሪያው አያለሁ። ማሬ የምትባል ጥርሰ ፍንጭት ልጅ ነበረች፤ ጥሩ ተጫዋች ናት። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ነክታኝ ሦስቴም ዝም ስላት ወንፊቷን አውልቃ ወረወረችው።

«ጋሼ፣ ይች ልጅ አምፖሏ ተቃጥሏል!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ተስፋነህ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። «ተዪያት። አንድ ቀን ትበራለች» አሉ።

ዓይናችንን አስጨፍነው ሽመል ለሽመል የሚያገናኙን ጊዜም ነበር። «ሻሞላ የሚታየው በጣት ነው» ይላሉ። «የሰውዬው ልብ በብረቱ በኩል ይመጣል። ዓይን ያታልላል።» እኔ በጣቴ የተሰማኝ ብርድ ብቻ ነበር።

አንድ ረቡዕ ከእሳቸው ጋር ስገጥም በግራቸው በኩል ገባሁ። ሽመሌ ትከሻቸውን ነካ። ትንሽ ቆም አሉ፤ ከዚያ እጃቸውን አንሥተው «ተነካሁ፣ ግራ ትከሻ» አሉ። በሚቀጥለውም ቀን በግራ ገባሁ፣ ነካሁ። በሦስተኛውም። ማሬ እንኳ የማትነካቸውን ሰው እኔ እነካቸዋለሁ! ክንፍ ያወጣሁ መሰለኝ።

ግን እኔ ከእሳቸው ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምኖር። በግራ በኩል ያስቀመጥሁላቸውን ኩባያ ክርናቸው ሲደፋው አይቻለሁ። ከልብስ ማስጫው ግንድ ጋር ሲጋጩ አይቻለሁ። ነጯ ዶሮዬ ጥሬ ስታይ ራሷን እንደምታዘነብለው እሳቸውም እያዘነበሉ ያያሉ። ደመርሁና ገባኝ፤ ግራ ዓይናቸው አያይም። ለማንም አልተናገርሁም። ሚስጥር ያለው ሰው ብቸኛ አይደለም፤ ቢያንስ ሚስጥሩ አብሮት ይኖራል።

በዚያ ዓመት ጋሽ ተስፋነህ «ለጉዳይ» እያሉ ባሕር ዳር መመላለስ ጀመሩ። ጉዳዩ የዓይን ሐኪም እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ያኔ የማውቀው እናቴ ያለችበት አገር እንደሚሄዱ ብቻ ነው። አክስቴ አድራሻዋን በብጣሽ ወረቀት ሰጠቻቸው። ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለሱ ጠሩኝና ከኪሳቸው ጉልበት ድረስ የሚደርስ ነጭ ካልሲ አወጡ፤ እውነተኛ ሻሞላ ተጫዋቾች የሚያደርጉት ዓይነት።

«እናትሽ ናት የላከችልሽ። ደኅና ናት።»

«ምን አለች?»

ሣጥናቸውን ከፍተው መዝጋት ጀመሩ። «በርቺ ብላለች።»

ካልሲውን ሳላደርገው ለሳምንት በትራሴ ሥር አሳደርሁት። ሽታው አዲስ ጨርቅ ብቻ ነው፤ እኔ ግን የእናቴ ሽታ አለበት ብዬ ከራሴ ጋር ተስማማሁ። ከዚያ ወዲያ ያለ እሱ ተጫውቼ አላውቅም። በየጨዋታው መሀል እሱን ወደ ላይ መሳብ ልማዴ ሆነ።

ከሁለተኛው ጉዞ ሲመለሱ «ደኅና ናት» ብቻ አሉ። ከሦስተኛው ሲመለሱ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

ወዲያው ወሬ መጣ። ባሕር ዳር ትልቅ የስፖርት በዓል አለ፤ ከእኛ ስምንት ልጆች ሄደው ሻሞላ ያሳያሉ። እኔ ከስምንቱ እንደማልጎድል እርግጠኛ ነበርሁ። ዶሮዋን እንኳ ተሰናብቼ ጨርሻለሁ። ሐሳቤ ይኸ ነው፤ እናቴ ሕዝቡ መካከል ትቀመጣለች፣ ወንፊት ያጠለቁ ልጆችን ሁሉ ታያለች፣ ማንኛዋ ልጇ እንደሆነች በካልሲው ትለየኛለች።

ዓርብ ከሰዓት ከቤቱ ኋላ ቧንቧው ሥር ካልሲዬን ሳጥብ የአክስቴንና የጋሽ ተስፋነህን ድምፅ ሰማሁ።

«ይችን ልጅ ይዤ ባሕር ዳር አልገባም፣ ወይዘሮ ዝናሽ» አሉ እሳቸው።

«ታዲያ ምን ሊሏት ነው? ቀኑን እየቆጠረች እኮ ነው!»

«አልደረስሽም እላታለሁ።»

«ኧረ ትጠላዎታለች።»

«እኔን ትጥላ» አሉ። «እኔን መጥላት ይሻላታል።»

ሳሙናው ከእጄ አመለጠ። እንደዚህ ነው የገባኝ፤ መድረሴን ያውቃሉ፣ ግን ፈርተውኛል። ባሕር ዳር ሕዝብ ፊት በግራ ገብቼ እንዳላዋርዳቸው ነው። ለዚህ ብለው ከእናቴ ሊለዩኝ ነው። አንድም ቃል አላጣሁም፤ ሁሉንም ሰምቼ ነው ሁሉንም የተሳሳትሁት።

በማግስቱ ቅዳሜ አዳራሹን የሚያስተዳድሩት አቶ መልካሙ መጥተው ነበር። ሚኒባሱን ለመፍቀድ መጀመሪያ ጨዋታውን ማየት ፈልገዋል። ጋሽ ተስፋነህ የስምንቱን ስም አነበቡ። ማሬ አለች። እኔ የለሁም።

«ጋሼ፣ እኔስ?»

«አልደረስሽም።»

«ለምን?»

«አልደረስሽም፣ ስርጉት።» ወደ እኔ አላዩም።

«እንግዲያው ይግጠሙኝና አልደረስሁም ይበሉኝ!» አልሁ፤ አቶ መልካሙ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። እሳቸውም ሳቅ ብለው «ይግጠሟት እንጂ፣ ጋሽ ተስፋነህ፤ ደፋር ናት» አሉ።

መስመሩ ላይ ቆምን። በግራ ገባሁ። «ተነካሁ፣ ግራ ትከሻ።» በግራ ገባሁ። «ተነካሁ፣ ግራ ክንድ።» ለሦስተኛ ጊዜ በግራ ገባሁ። «ተነካሁ፣ ጎን ላይ።» ድምፃቸው አንድም ጊዜ አልተለወጠም። ልጆቹ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ግን ድሉ አልበቃኝም። ሰው የሚጎዳበትን ቦታ የሚያውቅ ልጅ እዚያው አያቆምም። ወንፊቴን አወለቅሁ፣ በግራቸው ቆምሁ፣ ሦስት ጣቴን ከጉንጫቸው አጠገብ ዘረጋሁ።

«ይኸ ስንት ነው?»

ጣቶቼን ይበልጥ አስጠጋሁ።

«አያይም!» አልሁ ወደ አቶ መልካሙ ዞሬ። እንዲህ ነው ያልሁት፤ አንቱ እንኳ አላልኋቸውም። «በግራው አያይም! ለዚህ ነው የማይወስደኝ!»

ራሳቸውን ትንሽ ቢያዘነብሉ በቀኛቸው ጣቶቼን ያዩዋቸው ነበር። ሦስት ብለው ይገላገሉኝ ነበር። አላዘነበሉም። ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብለው አነሡ።

«ተነካሁ» አሉ።

«የት?» የሚላቸው ሰው ጠፋ። ራሳቸው መለሱ።

«ዓይን ላይ።»

አቶ መልካሙ ክፉ ሰው አልነበሩም። የሰው ልጅ ቢወጋ ማን ይጠየቃል አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሚኒባሱ ቀረ፣ አዳራሹም በዚያው ሳምንት ተዘጋ። ስምንት ልጆች ባሕር ዳር ሳይሄዱ ቀሩ። ማሬ መንገድ ላይ ስታገኘኝ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አክስቴ ስትሰማ ነጠላዋን ከራሷ ላይ መዝዛ ጣለች። «ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ! እሳቸው ላንቺ ብለው...» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። አስምለዋት እንደነበር አሁን ነው ያወቅሁ። ያኔ ግን ድንች አሳርሬ እንደምትቆጣኝ ዓይነት ቁጣ ነው ብዬ ተውሁት።

በሳምንቱ ጋሪ መጥቶ ፍራሹንና ሣጥኑን ጫነ። ወደ ጋፋት፣ እኅታቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። በር ዘግቼ ውስጥ ተቀመጥሁ። የእግራቸው ኮቴ ደጄ ላይ ቆመ።

«ክርንሽን ሰብስቢ» አሉ በበሩ ስንጥቅ።

ጋሪው ሲንጓጓ እስኪርቅ ሰማሁ። ከዚያ ግቢው ውስጥ እንደ ድሮው እኔና ዶሮዋ ቀረን።

ካልሲውን ግን አልጣልሁትም። ጠባብ ሆኖ ጣቴ በስቶት እስኪወጣ አደረግሁት፤ የእናቴ ነዋ።

ዓመት አለፈ፣ ዓመት ተተካ። ጋሽ ተስፋነህ ጋፋት ላይ የአራሽ ልጆች ሰብስበው በሽመል ማስተማር ጀመሩ ተባለ። ሁለተኛውም ዓይን ጠፋ ተባለ። ማስተማራቸውን ግን አልተዉም። ከእነዚያ ዐሥራ ሁለት ልጆች አንዱ ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ያስተምራል፤ ሁለቱ ባጃጅ ይነዳሉ፣ ቃሉንም ወደ ጎዳና ያወጡት እነሱ ናቸው። ማሬ ተመልሳ ያንን አዳራሽ አስከፈተችና ዛሬ አርባ ልጆች ታሠለጥናለች። ካቦርታቸውን የምሰፋው እኔ ነኝ። ማሬ ወደ ሱቄ ስትመጣ ስለ ትከሻና ስለ እጅጌ ልክ ብቻ ነው የምናወራ።

አምና ከፋሲካ በፊት እግሬ በራሱ ሄደ። ሚኒባስ ተሳፈርሁ። አክስቴ ያኔ በብጣሽ ወረቀት የሰጠቻቸውን አድራሻ ከእሷው ጠይቄ ይዣለሁ፤ ዛሬም የእናቴ ነው። በሩን አንኳኳሁ። የከፈተችው ራሷ ናት። መልኬን ያየሁት ፊቷ ላይ ነው፤ እሷም ያየችው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም እጇ ከመዝጊያው አልተነሣም። ከኋላዋ አንድ ትንሽ ልጅ ብቅ አለ።

«እማዬ፣ ማናት?»

«የእኅቴ ልጅ ናት፣ የኔ ዓለም። ግባ።»

ልጁ ሲገባ ከበሩ ውጭ ወጣች። «ባለቤቴ ልጅ እንዳለኝ አያውቅም» አለች በሹክሹክታ። «ምን ላድርግ? ኑሮዬ ነው። ያ ሰውዬ አልነገሩሽም እንዴ?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ረጅሙ፣ ራሳቸውን እያዘነበሉ የሚያዩት። ሦስት ጊዜ መጡ። ለመኑኝ። ‹ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ ከሕዝቡ መካከል ሆነሽ ስትጫወት እያት› አሉኝ። ‹ይዘዋት እንዳይመጡ፣ ትዳሬን እንዳያፈርሱ› አልኋቸው። ‹ካመጧትም አላውቃትም እላለሁ› አልኋቸው።»

መንገዱ ላይ ሰው ያልፋል። እኔ ግን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ታዲያ ካልሲውን ለምን ላክሽልኝ?»

«የምን ካልሲ?» አለች እናቴ።

ወደ መናኸሪያው ተመለስሁ። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ይዤ ስቀመጥ ረዳቱ «እኅት፣ ሐሙሲት ነሽ ደብረ ታቦር?» አለኝ።

ጋፋት ለመሄድ ከዚያ በኋላ ዓመት ፈጀብኝ። ባለፈው እሑድ ሄድሁ። የእግር መንገዱ ገብሱን ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። ልጆቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ተበትነዋል። ጋሽ ተስፋነህ ከእኅታቸው ቤት ደጃፍ በርጩማ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ሽመል ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ሁለቱም ዓይናቸው ነጭ ነው። ስሜን አልተናገርሁም። ግድግዳ ላይ ከተደገፉት ሽመሎች አንዱን አነሣሁና ጫፉን የእሳቸው ሽመል ላይ አሳረፍሁ።

ቀስ ብለው ተነሡ። ሽመላቸው ሽመሌን ተከትሎ ወደ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ዞረ። ለረጅም ጊዜ ያዳመጡ መሰለኝ።

«ክርንሽ ዛሬም ይወጣል፣ ባለቤቲቱ» አሉ።

በግራ አልገባሁም። ቀጥ ብዬ ሄድሁ። ሽመሌን በጣታቸው ብቻ ገለል አደረጉትና የሽመላቸው ጫፍ መጥቶ ደረቴ ላይ አረፈ። እጄን አነሣሁ። አያዩም። እጅ ብቻ አይበቃም፤ መናገር አለብኝ።

«ተነካሁ፣ ጋሼ» አልሁ።

«የት?»

«ባሕር ዳር ላይ።»

ሽመሉ ደረቴ ላይ እንዳለ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። ነፋሱ ገብሱን አስተኝቶ አነሣው። አንድ እጃቸውን ዘርግተው መሬቱን ያሳዩኝ ጀመር፤ በኖራ የተሠመረ ነገር የለም፣ ሣር ነው፤ እሳቸው ግን መስመሩ የት እንዳለ ያውቁታል።

«በይ» አሉ፤ «ወደ መስመርሽ ተመለሺ። እንደገና።»

ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድሁና፣ የሚያዩኝ ይመስል፣ ጎንበስ ብዬ እንደ ልጅነቴ ካልሲዬን ወደ ላይ ሳብሁ።